በአባላዘር በሽታ ጉዳይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት በሽታውን የሌላ ሰው ማድረግ ነው። አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጣት የሚቀሰረው በከባድ መኪና ሾፌሮችና በቡና ቤት ሴቶች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ብቻ 374 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ፣ የቂጥኝ፣ የክላሚዲያና የትሪኮሞናስ ኢንፌክሽን እንደደረሰ ገምቷል። እዚህ ቁጥር ውስጥ ተማሪም፣ ነጋዴም፣ በወግ የተዳሩ ባልና ሚስትም አሉ።

ሁለተኛው «ካላመመኝ ጤነኛ ነኝ» ማለት ነው። ክላሚዲያ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። ውስጥ ውስጡን ወደ ማህፀን ቱቦ ዘልቆ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ አንዳንዷ ይህን የምታውቀው ልጅ ፈልጋ ስታጣ ነው። ቂጥኝ ደግሞ ከዚህ የባሰ አታላይ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል አያምም፣ ሳይታከምም በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። የተቀባው ቅባት ያዳነው ይመስላል። በሽታው ግን ከሰውነት አልወጣም፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ በጊዜ ከተደረሰበት አንድ ጊዜ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚድን መሆኑ ነው።

ጨብጥ የጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት ይይዛል የሚባለውን እንተወው። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው።

መድኃኒት ቤት ስለምሠራ አብልጦ የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። አንድ ሰው ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ለጓደኛዬ ነው፤ ሲሸና ያቃጥለዋል፤ ካፕሱል ስጪኝ» ይላል። «ወንድሜ፣ ጓደኛህ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ባለቤቱንም ይዞ» እለዋለሁ። በግምት የተገዛ መድኃኒት ጨብጥን ያለማምደዋል፤ ዛሬ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ለጨብጥ የማይታዘዘው ተሕዋሲው ስለተላመደው ነው። ብቻውን የታከመ ሰው ደግሞ ካልታከመች ሚስቱ መልሶ ይያዛል። ሁለቱም አብረው ታክመው፣ መድኃኒቱን ጨርሰው፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ከግንኙነት መታቀብ አለባቸው። ለሚስት መናገር ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ዝምታው ግን እሷን የመውለድ አቅሟን ሊያሳጣት ይችላል።

ኮንዶምን በአዳማ ሙቀት መኪና ውስጥ ወይም የኋላ ኪስ ውስጥ ማክረም ሌላው ስህተት ነው፤ ላስቲኩ ይደርቃል። ቫዝሊንና የምግብ ዘይትም ያሳሱታል። ሁለት መደረብ አይጠቅምም። የእርግዝና መከላከያ መርፌ፣ ክኒንም ሆነ በክንድ የሚቀበረው እርግዝናን እንጂ በሽታን አይከላከሉም።

ነፍሰ ጡር እናት የቂጥኝ ምርመራን መዝለል የለባትም። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን ሊገድል ወይም ልጁ በሽታውን ይዞ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የዚህን ካንሰር መከላከያ ክትባት «ያመክናል» ብሎ መከልከልም ልጅን መጉዳት ነው፤ ክትባቱ አያመክንም።

በመጨረሻ፣ ኮንዶም የተቀደደበት ወይም የተደፈረ ሰው ሰኞን አይጠብቅ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።