ያገለገሉ የጥንት ዘመን የጦር ምስሎችን በጅማ አየር ማደስ

ለጦር ሜዳ ጨዋታ የሚያገለግሉ የጥንት ዘመን ወታደሮች ምስሎች ከሌላ ሰው እጅ ሲገዙ ባዶ ብረት ሆነው አይመጡም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቀቡ፣ በመቆሚያ ላይ የተለጠፉና ብዙ ዓመት በካርቶን ውስጥ የቆዩ ናቸው። ጦራቸው ይጣመማል፣ ፈረሰኛው ከፈረሱ ይላቀቃል፣ ቀለማቸው በአቧራና በእጅ ወዝ ይደበዝዛል። ይህን የተመለከተ አዲስ ባለቤት ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ቀለሙን በሙሉ አስለቅቆ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እኔ ግን ይህ የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበት አምናለሁ፤ የቀድሞው ቀቢ በጥንቃቄ የሠራው ፊትና ጋሻ ካለ እርሱን ጠብቆ የጎደለውን መሙላት ሥራውን ያቀላል፣ ለምስሉም ክብር ነው።

ከሁሉ በፊት ምስሎቹን በተሠሩበት ቁስ መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት የተመረቱት የብረት ምስሎች በአብዛኛው የእርሳስ ማዕድንና የቲን ቅይጥ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አምራቾች እርሳስ ወደሌለበት ቅይጥ ተሸጋግረዋል። የምስሉን እግር ሥር ያልተቀባውን ክፍል በነጭ ወረቀት ላይ ሲያሹት ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ በብዛት እንዳለው ይገምቱ። ከፕላስቲክ የተሠሩት ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጠንካራውና ሲታጠፍ የሚሰበረው፣ እንዲሁም በጣት ሲያጎብጡት ወደ ቦታው የሚመለሰው ለስላሳው። ይህ ልዩነት የትኛው ማጠቢያና የትኛው ማጣበቂያ እንደሚስማማ ስለሚወስን ሦስቱን በተለያየ ሳህን ያስቀምጡ።

በጅማ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የከፋው ጠላት የእርሳስ ዝገት ነው። በቀለሙ ስንጥቅ፣ በፈረሱ ሆድ ወይም በመቆሚያው ዳር ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ ካለ፣ ቀለሙም ከሥሩ ተገፍቶ እንደ ብጉር ካበጠ፣ እርሳሱ ወደ ካርቦኔት እየተለወጠ ነው ማለት ነው። መንስኤው እርጥበት ብቻ አይደለም፤ ከእንጨት፣ ከኮምፔንሳቶ፣ ከካርቶንና ከአንዳንድ ኮላዎች የሚወጣው የአሴቲክ አሲድ ትነት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲታፈን ብረቱን ይበላዋል፤ እርጥበቱ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ የከተማችን አናጢዎች በርጩማና ሣጥን በመሥራት የተመሰገኑ ቢሆኑም፣ ለእርሳስ ምስሎች ማስቀመጫ የሚሆን አዲስ የእንጨት ሣጥን ማዘዝ አይገባም። ነጩን ዱቄት በሆምጣጤ የሚያጥቡ አሉ፤ ሆምጣጤ ራሱ አሴቲክ አሲድ በመሆኑ በሽታውን መልሶ መትከል ይሆናል። ታማሚውን ምስል ከሌሎቹ ለይተው፣ ጓንትና የአፍና አፍንጫ ጭንብል አድርገው፣ ዱቄቱ እንዳይበን ምስሉን እያረጠቡ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት፤ በንጹሕ ውኃ ካለቀለቁ በኋላ በደንብ አድርቀው ሳይዘገዩ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ይቀቡት። ዝገቱ ፊቱን ወይም እጁን ከበላው ምስሉ አይድንም፤ ይወገድ።

ዱቄቱም ሆነ ሲሞረድ የሚወድቀው ብናኝ መርዛማ ነው። ምግብ በሚቀርብበትና ቡና በሚፈላበት ክፍል አይሥሩ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉት፣ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ቀለም ከመነካቱ በፊት ምስሎቹ የየትኛው ሠራዊት እንደሆኑ ማወቅ ይገባል፤ ያገለገለ ስብስብ ብዙውን ጊዜ የተደባለቀ ነውና። ሮማውያን ናቸው ተብለው የመጡት ደረታቸው ላይ አግድም የብረት ሰሌዳ የተደረደረበት ጥሩር ካላቸው ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ የጀመረው ዘመን ወታደሮች ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 በደቡብ ጣሊያን በካኔ ከካርታጎው የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር በተደረገው ውጊያ ሊሰለፉ አይችሉም፣ በዚያ ዘመን ሀብታሞቹ በትናንሽ ቀለበቶች የተያያዘ የሰንሰለት ጥሩር፣ ሌሎቹ ደግሞ ደረትን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ሰሌዳ ይለብሱ ነበርና። ዝሆኖችንም ልብ ብለው ይመልከቱ። ጆሮው ሰፊ ከሆነና ጀርባው በመሐል ጎድጎድ ካለ አፍሪካዊ ነው፤ ጆሮው ትንሽ፣ ግንባሩ ጉብ ጉብ ያለና ጀርባው ወደ ላይ ያበጠ ከሆነ ሕንዳዊ ነው። ሁለቱ በአንድ ሜዳ የተገናኙት በዛሬዋ ጋዛ አቅራቢያ ራፊያ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 ነው፤ የግብፁ ንጉሥ የአራተኛው ጰጥሎሚዮስ ዝሆኖች አፍሪካውያን፣ የሦስተኛው አንጥዮኮስ ደግሞ ሕንዳውያን ነበሩ። ጰጥሎሚዮሳውያን ዝሆኖቻቸውን ያስጠምዱ የነበረው በእኛው አቅጣጫ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ መሆኑን ሳስታውስ እነዚህን ምስሎች የማድሰው በተለየ ፍቅር ነው።

በስብስቡ ውስጥ የአክሱም ጦር ከተገኘ ለቀለሙ የሚረዳ የጽሑፍ ምስክር አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዮሐንስ ማላላስ የባይዛንታይን መልእክተኛ ያየውን ሲዘግብ፣ የአክሱም ንጉሥ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ከፍ ያለ ሠረገላ ላይ ቆሞ፣ ከወገቡ በወርቅ ያጌጠ የተልባ እግር ልብስ አገልድሞ፣ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ ጋሻና ሁለት ጦር ይዞ እንደነበር ያትታል። የንጉሡን ምስል በብረት ጥሩር የቀባ ቀቢ ካጋጠመ እርማቱ ይህን ይከተል።

ከዚህ በኋላ እጥበት ይቀጥላል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል የተባለው ቀለም ከአቧራው ሥር ሳይጎዳ ይገኛል። ቀለሙ ወፍሮ የፊቱን ቅርጽ ከደፈነው ብቻ ማስለቀቅ ይገባል። ለብረት ምስል ከኮስሞቲክስ መደብር የሚገኘው አሴቶን ይሠራል፤ በክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፎ መፈግፈግ ነው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰልና ክብሪት ርቆ። ጠንካራው ፕላስቲክ ግን በአሴቶንም ሆነ በቲነር ይሟሟል፤ ለእርሱ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ይሻላል፣ እርሱም በአንድ ምስል ላይ ተሞክሮ። ከመቆሚያው የማይላቀቀውን በጉልበት አይንቀሉ፤ በኮላ ከተለጠፈ ውኃ ያላላዋል፣ በሱፐር ግሉ ከሆነ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ማጣበቂያው ተሰባሪ ይሆናል።

የተጣመመ የብረት ጦር በሁለት ጣት ቀስ ብሎ አንዴ ይቃናል፤ ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ይሰበራል። ለስላሳው ፕላስቲክ በፈላ ውኃ ተነክሮ ተቃንቶ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ቅርጹን ይይዛል። የጦር ነገር ሲነሣ፣ ከምስሉ ጋር አብሮ የተቀለጠውን ደካማ ጦር ደጋግሞ ከማቃናት ቆርጦ በብረት ሽቦ መተካት እመርጣለሁ። የምስሉ የተጨበጠ እጅ በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በጣት እየተዞረ ይበሳል፤ ሽቦው ጫፉ በመዶሻ ተመትቶ ጠፍጠፍ ካለ በኋላ በሞረድ የጦር ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ በጥቂት ሱፐር ግሉ ይተከላል። ጫፉ ስለሚወጋ ትንሽ ማዶልዶል ጥሩ ነው። ለተሰበረ እግርና ለፈረሰኛ እንዲሁ ሁለቱን ጎን በስቶ አጭር ሽቦ በማስገባት በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ማያያዝ ከማንኛውም ማጣበቂያ የበለጠ ይቆያል።

ፕራይመርና ቫርኒሽ በስፕሬይ የሚረጩ ከሆነ ሰዓቱን ይምረጡ። በክረምት ጠዋት አየሩ እርጥብ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ዝናብ ይመጣል፤ ፀሐይ ወጥታ ግቢውን ካደረቀችው በኋላ ያለው ረፋድ የተሻለ ነው። ዝናቡ ከበረታ በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር ይጠቀሙ። በእርጥብ አየር የተረጨ ደብዛዛ ቫርኒሽ ነጭ ጉም መስሎ ይቀራል፤ ይህ ሲሆን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ስስ አድርጎ ደርቦ መቀባት ብዙውን ጊዜ ጉሙን ይገፈዋል።

በቀለም ጥገና ላይ ትልቁ ችግር አዲሱ ንክኪ ከአሮጌው መለየቱ ነው። የጡብ፣ የቆዳና የነሐስ መልክ ያላቸውን ቀለሞች ቀላቅለው ሲያዘጋጁ ከአሮጌው ትንሽ ደመቅ ያድርጉት፤ ከዚያ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ ቀለም በጠቅላላው ክፍለ ጦር ላይ ያልብሱ። ቡናማው በልብስ እጥፋትና በጋሻ ጠርዝ ሲተኛ አዲሱና አሮጌው አንድ እጅ የሠራቸው ይመስላሉ። ሲደርቅ አንድ ጊዜ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ለጥንካሬ፣ በላዩም ደብዛዛ ቫርኒሽ ለመልክ ይቀባል።

የተለያዩ እጆች የሠሩትን ስብስብ አንድ ሠራዊት የሚያስመስለው ግን ከሁሉ በላይ መቆሚያው ነው። በብዙ የጥንት ዘመን ጨዋታዎች የተለመደው የፊት ስፋት ለ15 ሚሊ ሜትር ምስል 40፣ ለ25 እና 28 ሚሊ ሜትር ምስል 60 ሚሊ ሜትር ነው። ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ቆርጠው፣ አክሪሊክ ቀብተው የተነፋ አሸዋና የአካባቢያችንን ቀይ አፈር ይነስንሱበት። አፈሩ አስቀድሞ ለምግብ በማያገለግል አሮጌ ምጣድ ላይ ይቆላ፣ ነፍሳትና ሻጋታ እንዳይቀሩበት። የደረቀ የቡና አተላ መልኩ ለዚህ ሥራ ያማረ ቢሆንም በእኛ እርጥበት ስለሚሻግት ከእርሱ መቆጠብ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ምስሎቹን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ያኑሩ፤ ክዳኑን በየጊዜው ከፍተው ያናፍሷቸው። ከክረምት በኋላ በእጅ መብራት የእያንዳንዱን እግር ሥር ይመልከቱ፤ ነጭ ዱቄት የታየበት በዚያው ቀን ከረድፉ ይውጣ።