የመኪና ኤሲ ቱቦ ሲቀይሩ ጌጁ 29 ባይደርስ አይደንግጡ

ደሴ ላይ መስኮት መክፈት ይበቃል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ለሚሄድ ግን ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ሞቃት አየር መንፋት ከጀመረ ኮፈኖውን ከፍተው ቱቦዎቹን ይመልከቱ። ጋዙ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ በፈሰሰበት ቦታ አቧራ ተለጥፎ ጥቁር ቅባት ይሠራል። እኔ ቀድሜ የማየው ጎማው ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጣበቀበትን አንገት ነው። እዚህ የምንቀይረው ወፍራሙን፣ ከኢቫፖሬተር (አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ክፍል) ወደ ኮምፕረሰር (ጋዙን ወደሚጨምቀው ክፍል) የሚመለሰውን ቱቦ ነው።

መጀመሪያ የቀረውን ጋዝ መቀበያ ማሽን ባለው ጋራዥ ያስወጡ። ቫልቩን ተጭነው ወደ አየር አይልቀቁት። አር-134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ስለሆነ ዓይንንና ቆዳን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፤ አየሩን በማሞቅም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። መነጽርና ጓንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይውለቁ።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። መጋጠሚያውን በሁለት ቁልፍ ይፍቱ፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። በአንድ ቁልፍ የታገለ ሰው አሉሚኒየሙን ጠምዝዞ ሁለተኛ ቱቦ ይገዛል። የተከፈቱትን አፎች ወዲያው ይድፈኑ፤ የኮምፕረሰር ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣልና። ከአሮጌው ቱቦ የወጣውን ዘይት ለክተው ያንኑ ያህል፣ ለኮምፕረሰሩ የታዘዘውን ዓይነት፣ በአዲሱ ውስጥ ይጨምሩ። ኦሪንጎቹን (የመጋጠሚያውን የጎማ ቀለበቶች) በአዲስ ይተኩ፣ ዘይት ቀብተው በእጅ ያስገቡ፣ ከዚያ በልክ ያጥብቁ። ማድረቂያ ፊልትሮውንም አብረው ይቀይሩ፤ ገንዘብ ለመቆጠብ እዚህ ላይ መሳሳት አያዋጣም።

አሁን ማኖሜትሩንና (ጌጆች ያሉትን የግፊት መለኪያ) አየር የሚመጠውን ቫኪዩም ፓምፕ ያገናኙ፤ ሰማያዊው ለዝቅተኛ ግፊት፣ ቀዩ ለከፍተኛ ግፊት፣ ቢጫው ቱቦ ለፓምፑ፣ በኋላም ለጋዙ ጣሳ ነው። መመሪያዎች ጌጁ 29 የሜርኩሪ ኢንች ድረስ ይውረድ ይላሉ። ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ነው። ጌጁ የሚለካው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ሲሆን፣ የእኛ የውጭ አየር ደግሞ ስስ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ባዶ የሆነ ሲስተም የሚያሳየው 24 አካባቢ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ 22 አካባቢ። ይህን ሳላውቅ ደህና ፓምፕ አስፈትቼ አውቃለሁ! ኮምቦልቻ ላይ 20 ላይ ከቆመ ግን ወይ ፓምፑ ደክሟል ወይ መጋጠሚያ ያፈስሳል። እርጥበቱ ተንኖ እንዲወጣ ቢያንስ 45 ደቂቃ ያሠሩት፤ ቫልቮቹን ዘግተው ፓምፑን ካጠፉ በኋላ መርፌው ግማሽ ሰዓት ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት።

የጋዙ መጠን ኮፈኖው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። ጣሳውን ሚዛን ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ የቢጫውን ቱቦ አየር ያስወጡ። ሲስተሙ መሳብ ሲያቆም ባትሪውን መልሰው ሞተሩን ያስነሱ፤ ኤሲውን ከፍተው በሰማያዊው ቫልቭ ብቻ ቀስ ብለው ይሙሉ። ሞተር እየሠራ ቀዩን መክፈት ጣሳውን ሊያፈነዳ ይችላል። በመጨረሻም መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብተው ይመልከቱ።

ሙከራውን ደሴ ላይ በማለዳ አያድርጉት፤ በዚያ ብርድ የታመመ ኤሲም ጤነኛ ይመስላል። ኮምቦልቻ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ቆመው ይሞክሩት።