በየዓመቱ ተቀብቶ የሚዝገው የበረንዳ ወንበር

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ዝናብና ጉም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ አለ። ውጭ የሚያድር የብረት ወንበር ዝናብ ባይነካው እንኳ ጤዛው አይምረውም። ብረት ለመዛግ ውሃና አየር ይበቁታል።

ላዩ ላይ ቡናማ ዱቄት ብቻ ካያችሁ
ቀለሙ ተጭሯል ማለት ነው። ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት እሹት። አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ቀቡት፣ ሲደርቅ ዘይት ቀለም። አለቀ።

ቀለሙ አብጦ ከተነሳ
ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። በላዩ ደርቦ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ጠበቅ ያለው ቀለም ጋ እስክትደርሱ በሽቦ ብሩሽ ፋቁት (አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መነፅርም አድርጉ)። ስርጉዱ ውስጥ ለቀረው ዝገት አቼቶ የነከራችሁትን ጨርቅ ጠቅልሉበትና ጥቂት ሰዓት ተዉት። ከዚያ ፈትጋችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ አጥባችሁ፣ ወዲያው አድርቁት። እርጥብ ከቆየ በዚያው ቀን ተመልሶ ይዝጋል። አቼቶና በረኪና ግን እንዳይገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

እግሩ ከታች ብቻ ደጋግሞ ከዛገ
እኔን ሁለት ዓመት ያሞኘኝ ይኼ ነው። የእናቴን ወንበር መስከረም ላይ ፍቄ እቀባለሁ፤ ክረምት ሲመለስ እግሩ ያው ነው። በመጨረሻ ገልብጬ የእግሩን ጎማ ብነቅለው ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የሚሆን ዝገታም ውሃ ፈሰሰ። እናቴ አይታ "ለካ በሽታው ከሆዱ ነው" አለች።

ወንበሩ የተሠራበት የብረት ቱቦ (ቱቦላሬ) ውስጡ ባዶ ነው። ውሃው በደንብ ባልተዘጋ ብየዳና በብሎን ቀዳዳ ይገባል። ታች ጎማው ስለደፈነው መውጫ የለውም። ስለዚህ ጎማውን አውልቁና ወንበሩን ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቁሙት። በቲነር የቀጠነ አንቲረስት በእግሩ ውስጥ አፍስሱ፣ አገላብጡት፣ ትርፉን አንጠፍጥፉ። ጎማውን ከመመለሳችሁ በፊት መሃሉን በትራፓኖ ብሱት፤ 5 ሚሊሜትር ይበቃል። የላይኛውን ክፍተት በሲሊኮን ድፈኑ።

አስቀድማችሁ ግን እግሩን በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ከተሰረጎደ ቀለም አያድነውም፤ በያጅ ጋ ሄዶ ይቀጠልለት።

አዲሱ ቀለም ከደበዘዘ ወይም አልደርቅ ካለ
አመሻሽ ላይ ቀብታችሁት ጤዛ አግኝቶታል። በደረቅ ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሩና እስከ 8 ሰዓት ጨርሱ። ቆላው ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይኼ ጣጣ የለባችሁም። እኛ ጋ ግን ወንበሩ ማታ መግባት አለበት። ዕቃ ቤት አሳድሩት እንጂ ሳሎን እንዳታስገቡት። እኔ አስገብቼው በቲነር ሽታ እናቴን ራሷን አሟት ሳምንት ሙሉ ስትቆጣኝ ከረመች።