የመኪና አምፕሊፋየር ጌይን አስተካከል

ጌይን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ቴፑ የሚልከውን ቮልቴጅ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠኛ ነው። ስፒከሮቹን ንቀሉ፣ ቤዝ ቡስቱን አጥፉ፣ ኢኳላይዘሩን ዜሮ አድርጉ፣ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ከፍላሽ የ0 ዴሲቤል ቶን (ወጥ የሙከራ ድምፅ) አጫውቱ፦ ለሰብዉፈር (ለወፍራም ድምፅ ስፒከር) 50 ኸርዝ፣ ለበር ስፒከር 1000። ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርጋችሁ መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት ስፒከር መውጫው ላይ አስነኩ። ለ100 ዋት አምፕሊፋየር በ4 ኦም ስፒከር፣ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ 20 ቮልት ላይ ማቆም ነው፤ 100 በ4 ሲባዛ 400፣ ስኩዌር ሩቱ 20።

ብሉቱዝ ወይም ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ድምፁ ዝቅ ቢል ጌይኑን አትንኩ። የስልኩን ድምፅ ሙሉ አድርጉ፤ የቀረውን ከቴፑ ጨምሩ። ያለዚያ ወደ ፍላሽ ስትመለሱ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ትዊተሩም (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩ) ሊቃጠል ይችላል።

በአዳማ ሙቀት ወንበር ስር የታፈነ አምፕሊፋየር እየጠፋ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ አየር ስጡት።