የቻይና ባህላዊ የመድኃኒት ዕፅዋትን ከወጥ ቤት ጀምሮ እንዴት መማር ይቻላል?

የቻይናን የመድኃኒት ዕፅዋት ለማወቅ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው በብዛታቸው ነው። ሐኪሙ ሊ ሺጀን እ.ኤ.አ. በ1578 ጽፎ የጨረሰውና እሱ ካረፈ በኋላ በ1596 የታተመው ታላቅ መጽሐፍ ብቻውን 1,892 የመድኃኒት ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው። ቻይናውያን ራሳቸው ከዕፅዋቱ ጋር የሚተዋወቁት ከሐኪም ፊት ከመቀመጣቸው አስቀድሞ በእናቶቻቸው ወጥ ቤት በመሆኑ፣ ጀማሪም በዚያው በር ቢገባ ይሻለዋል።

1. አምስት ብቻ ይምረጡ

የእኔ ምርጫ እርጥብ ዝንጅብል (ሼንግ ጂያንግ)፣ ቀይ ጁጁብ (ዳ ዛኦ)፣ ጎጂ የሚባለው ትንሽ ቀይ ፍሬ (ጎው ጪ ዙ)፣ የክሪሳንተመም አበባ (ጁ ኋ) እና ከርሞ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ (ቼን ፒ) ናቸው። ዝናብ የመታው ሰው ዝንጅብል ከቡናማ ስኳር ጋር ፈልቶ ይሰጠዋል። ክሪሳንተመምና ጎጂ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ተደርገው ዐይኑ ለደከመ ሰው በሻይ መልክ ይቀርባሉ። የመንደሪኑ ልጣጭ ስብ የበዛበት ምግብ ሆድ ላይ እንዳይከብድ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ከሁሉም የሚከበረው በጓንግዶንግ ግዛት የሺንኋይ ልጣጭ ሲሆን ቢያንስ 3 ዓመት ካልከረመ በዚህ ስም አይጠራም። ጁጁብ ደግሞ ተምር ቢመስልም ተምር አይደለም፤ የአገራችን ቁርቁራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከሩዝ ገንፎ ጋር ተቀቅሎ ጉልበት ለከዳው ሰው ይሰጣል።

2. ከማንበብ በፊት ይቅመሱ

በቻይና ሕክምና እያንዳንዱ ዕፅ ባሕርይና ጣዕም አለው። ባሕርያቱ ቀዝቃዛ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሞቅ ያለና ትኩስ የሚባሉ አራት ሲሆኑ፣ ጣዕሞቹ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ ጣፋጭ፣ የሚያቃጥልና ጨዋማ የሚባሉ አምስት ናቸው። ቀዝቃዛ ሲባል የሻዩ ሙቀት ሳይሆን ዕፁ በሰውነት ላይ ያመጣዋል የሚባለው ለውጥ ነው፤ ስለዚህም ብርድ ገብቶት ለሚንቀጠቀጥ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢፈላ፣ ቀዝቃዛ ወገን የሆነውን ክሪሳንተመም ብቻውን አይሰጡም። ይህ አመዳደብ የቆየ የአስተሳሰብ ሥርዓት እንጂ የላቦራቶሪ መለኪያ አይደለም፤ ነገር ግን እሱን ሳያውቁ የቻይናን የዕፅዋት መጽሐፍ አንብቦ መረዳት አይቻልም። እርጥቡንና ደረቁን ዝንጅብል አከታትሎ መቅመስ ጥሩ ልምምድ ነው፤ በባህሉ እርጥቡ ብርድን በላብ ለማስወጣት፣ ከእርጥቡ ይልቅ ትኩስ የሚባለው ደረቁ ደግሞ ሆድን ለማሞቅ ይሰጣሉ።

3. ስሙን በአራት መንገድ ይመዝግቡ

ብዙ ሰው ቸል የሚለው ይህን ደረጃ ነው፤ አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ በአንድ ክሊኒክ ይረዱ የነበሩ ሴቶች የቻይና ዕፅዋት ያሉበት እንክብል ይሰጣቸው ነበር። በእንክብሉ ውስጥ መኖር የነበረበት ሐን ፋንግ ጂ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስቴፋኒያ ቴትራንድራ፣ የሚባለው ሥር ነበር። የገባው ግን ጓንግ ፋንግ ጂ፣ ማለትም አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ ነው። ሁለቱም በገበያ በአጭሩ ፋንግ ጂ ይባላሉ፤ ተቆርጠው ሲደርቁም ላልለመደ ዐይን አይለዩም። አሪስቶሎኪያ ኩላሊትን የሚያጠፋና ካንሰር የሚያስከትል አሲድ ስላለበት ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹም በእጥበት ወይም በንቅለ ተከላ ለመኖር ተገደዱ፤ አንዳንዶቹ ኋላ ላይ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው።

ስለዚህ ደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ዕፅ አራት ነገር ይጻፉ፤ የቻይንኛውን ፊደል፣ አነባበቡን፣ ሳይንሳዊውን የላቲን ስም እና ጥቅም ላይ የሚውለውን የተክሉን ክፍል። አነባበቡ ብቻውን አይበቃም፤ በቻይንኛ ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ የሚለያይ ቃል እጅግ ብዙ ነው። የተክሉ ክፍል ለምን እንደሚጻፍ ለመረዳት ማ ኋንግ (ኤፌድራ) የሚባለውን ተክል መመልከት ይበቃል፤ የግንዱ ቅርንጫፎች ለማላብ ሲሰጡ፣ የዚያው ተክል ሥር ግን ላብን ለማቆም ይታዘዛል። ከአንዱ የቀረፋ ዛፍም ቀንበጡ ጉዊ ጂ፣ ልጡ ሮው ጉዊ ተብለው ለተለያየ ጉዳይ ይውላሉ።

ስለ መሣሪያዎች ከጠየቁኝ፣ ቅጠል ፎቶ አንሥቶ ስም የሚነግር የስልክ መተግበሪያ ተቆርጦ ለደረቀ ሥር አይረባም። ተፈጭቶ በከረጢት የሚሸጠውም ለጀማሪ አይሆንም፤ ዐይንና አፍንጫ የሚማሩት ዕፁ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ነው።

4. ሲገዙ እጅዎ ላይ አድርገው ይመርምሩ

ጥቂት ጎጂ መዳፍዎ ላይ ያፍስሱ። ተፈጥሯዊው ፍሬ መልኩ እርስ በርሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከግንዱ ጋር ይያያዝ በነበረበት ጫፍም ነጣ ያለች ነጥብ ትታያለች። ያቺ ነጥብ ጭምር ከቀላች ማቅለሚያ ነክቶታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ውኃ ውስጥ ሲገባም ጥሩው ቀስ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል፤ የተቀለመው ወዲያው ቀይ ይለቃል። ከመጠን በላይ የደመቀና ሲያሸቱት ጎምዘዝ ብሎ አፍንጫ የሚወጋ ዕፅ በድኝ ጢስ የታጠነ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት።

5. አፈላሉን ይወቁ

አበባና ፍሬ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሶ ከድኖ መቆየት ይበቃል። ሥርና ልጥ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፈው፣ አንድ ጊዜ ከፈሉ በኋላ በለዘበ እሳት ይንተከተካሉ። ከዚያ ይጠለላሉ፤ አተላው ላይ ሌላ ውኃ ተጨምሮ ይደገምና ሁለቱ ይቀላቀላሉ። የሸክላ ድስት ወይም መስታወት ይጠቀሙ፤ ብረትና አልሙኒየም ከዕፁ ጋር ይዋሐዳሉ ተብሎ አይመከርም። እንደ ናና ያለ ሽታው የሚተን ዕፅ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይጨመራል።

ሙቀት ምን ያህል እንደሚወስን ቱ ዮዮ አሳይታለች። የወባ መድኃኒት ትፈልግ የነበረችው ይህች ተመራማሪ በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ፣ ጪንግ ሐኦ የሚባለውን ዕፅ በውኃ ዘፍዝፎ ጭማቂውን መጠጣት እንጂ ማፍላት እንዳላዘዘ ልብ አለች። በ1971 ኤተር በሚባል ፈሳሽ የዕፁን መድኃኒት በዝቅተኛ ሙቀት አውጥታ ተሳካላት፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ኮአርተም የዚያ ግኝት ልጅ ነው። ተክሉ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን ቢሆንም፣ ዝምድናው መድኃኒትነቱን አያወርሳቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የጪንግ ሐኦን ሻይ ራሱን ለወባ አይመክርም።

6. ወደ ስድስተኛው ዕፅ ከመሻገር በፊት

ጋን ጻኦ፣ በሌላ ስሙ ሊኮሪስ፣ ከብዙ ቅመማዎች ውስጥ የማይጠፋ ጣፋጭ ሥር ነው፤ ጣፋጭነቱ ግን ያዘናጋል። አዘውትሮ የሚወሰድ ከሆነ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምን ያሳንሳል፤ ግፊት ያለበት ሰው ሊርቀው ይገባል። ፉ ዙ የሚባለው የአኮኒት ሥር በአግባቡ ካልተዘጋጀ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ማ ኋንግንም አሜሪካ በ2004 ከምግብ ማሟያዎች ውስጥ ከልክላዋለች። ነፍሰ ጡርና መደበኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአምስቱ ወጥ ቤት ዕፅዋትም ቢሆን በመድኃኒት መጠን ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስድስተኛ አድርጌ የምመርጠው ዳንግ ጉዊን ነው፤ ከጋንሱ ግዛት የሚመጣ፣ ሽታው ከሩቅ የሚታወቅ ሥር ነው። ከዝንጅብልና ከበግ ሥጋ ጋር ለረጅም ሰዓት ተንተክትኮ የሚሠራው ሾርባ ከሐን ሥርወ መንግሥት ሐኪም ከጃንግ ጆንግጂንግ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬም በክረምት ይበላል። ዋርፋሪን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ግን ዳንግ ጉዊም ሆነ ጎጂ የመድኃኒቱን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ሁለቱንም ይተዉ።