ሐዋሳ ትተውት የሄዱት የነርስነት ፈቃድ

ውጭ ሀገር በነርስነት ለመሥራት የሚዘጋጅ ሰው ጭንቀቱን ሁሉ በፈተናው ላይ ያደርጋል። ፈተና ቢወድቁት ይደገማል። ሐዋሳ ከቀረው ፋይልዎ የሚወጣ ሐሰተኛ ማኅተም ወይም የቅጣት ደብዳቤ ግን በድጋሚ ፈተና አይታረምም።

በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የየክፍለ ግዛቱ የነርሶች ቦርድ ነው። ደንባቸው ቢለያይም የሚያስቀጡት ጥፋቶች ይመሳሰላሉ፦ ፈቃድን በማጭበርበር ማግኘት፣ የሕሙማንን መድኃኒት መስረቅ፣ ጠጥቶ ሥራ መግባት፣ ያልሰጡትን መድኃኒት ሰጠሁ ብሎ መመዝገብ፣ ምስጢር ማውጣት፣ ከሙያ ወሰን ማለፍ፣ የወንጀል ፍርድ፣ እንዲሁም በሌላ ቦታ የተወሰደ የዲሲፕሊን እርምጃ። ቅጣቱ ከተግሣጽ ይጀምርና እስከ እገዳና ስረዛ ይደርሳል። የነርሶችን ፈቃድና ቅጣት የሚያሳየው ኑርሲስ የተባለው የመረጃ ቋት ለማንም ክፍት ስለሆነ ሜሪላንድ ላይ ተቀጥቶ ቴክሳስ ላይ እንደ አዲስ መጀመር አይታሰብም።

ሐዋሳን ወደ ጉዳዩ የሚያስገባው የመጨረሻው ጥፋት ነው፤ «ሌላ ቦታ» ሲባል ኢትዮጵያም ይቆጠራልና።

በሀገራችን የተለመደ አንድ ክፉ ልማድ አለ። የግል ክሊኒክ ለመክፈት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ስለሚያስፈልጉ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ነርስ ፈቃዱን ለባለቤቱ በወር ክፍያ ወይም በዝምድና ትቶ ይሄዳል። እርስዎ ሚኒሶታ ሌሊት ያድራሉ፣ ስምዎ ሐዋሳ ላይ መርፌ ይወጋል። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው ነው፤ አይከራይም። በእርስዎ ስም የሚሠራው ልጅ አንድ ሕፃን ቢጎዳ ወይም ተቆጣጣሪ ድንገት ቢገባ፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የእርስዎ ስም ነው። ከዚያ ቦርዱ «ፈቃድዎ ታግዶ ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እውነቱን ቢናገሩ ይመረመራሉ፤ ሳያውቁ «የለም» ቢሉም ሐሰት ጻፉ ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ዋናውን ፈቃድ ያስመልሱ፤ ክሊኒኩን የለቀቁበትን ቀን በጽሑፍ ለባለቤቱም ለፈቃድ ሰጪው አካልም ያሳውቁ፤ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስቀምጡ። ባለቤቱ አጎትዎ ቢሆንም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ያኔ ይብሳል፤ አጎትን መክሰስ ይከብዳል።

ይህን የሚፈጽምልዎት ሰው፣ ወንድምዎ እንበል፣ ውክልና ያስፈልገዋል። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አረጋግጠው ይላኩት፤ አዲስ አበባም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ጠቅላላ ውክልና አይስጡ። ፈቃድ ለመረከብ፣ ማስታወቂያ ለማስገባት፣ ትራንስክሪፕት ለማስላክ ብለው በዝርዝር ያስጽፉት።

ትራንስክሪፕቱና ፈቃድዎ ቅጣት የሌለበት መሆኑን የሚመሰክረው «ጉድ ስታንዲንግ» የሚባለው ደብዳቤ በእጅዎ አልፈው አይሄዱም። በውጭ የተማሩ ነርሶችን ማስረጃ ለአሜሪካ የሚመረምረው፣ አሁን ትሩሜሪት የተባለው የቀድሞው ሲጂኤፍኤንኤስም ሆነ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚጠቀሙበት የማስረጃ አጣሪ ድርጅት ዳታፍሎው ማረጋገጫውን የሚሹት ከትምህርት ቤቱና ከፈቃድ ሰጪው ከራሳቸው ነው። የወንድምዎ ሥራ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ጥያቄው መድረሱን ማረጋገጥና መከታተል ብቻ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ወይም ያልተፈጸመ የአገልግሎት ግዴታ ካለብዎት ወረቀቱ እዚያው ሊቀመጥ ስለሚችል አስቀድሞ ያጣራ።

ሥራው ሲጓተት ደግሞ «በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ አይጠፋም። እሱ ያስመታው ሐሰተኛ ማኅተም በቦርዱ ፊት የእርስዎ ማጭበርበር ነው፤ አላውቅም ነበር ማለት እምብዛም አያድንም። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስነት ዲፕሎማዎችን ሸጠዋል ያላቸውን ሰዎች ከሰሰ። ቦርዶች ከዚያ በኋላ የገዢዎቹን ፈቃድ እያሳደዱ ሰርዘዋል፤ ከገዢዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ፈተናውን አልፈው ነበር።

ከሐዋሳ የወጣ ሰው በንጹሕ እጁ የሚጠረጠርባቸው ነገሮችም አሉ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1998 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኗል፤ የቀድሞው ደቡብ ክልልም ከዚያ ወዲህ ተከፋፍሏል። ፈቃድዎ ላይ ያለው ቢሮ ዛሬ በዚያ ስም ላይኖር ስለሚችል፣ ፋይልዎ የትኛው ክልል ጤና ቢሮ እንዳለ ወንድምዎ በአካል ሄዶ ይጠይቅ፤ መልሱንም በደብዳቤ ይቀበል። የዓመተ ምሕረቱ ልዩነትና በላቲን ፊደል የተለያየው የስምዎ አጻጻፍም ከማመልከቻው ጋር በአጭር ማብራሪያ ይያያዝ። ቦርዱ ራሱ ካገኘው ልዩነት ይልቅ እርስዎ ቀድመው የነገሩት ይሻላል።

ከሀገር ከወጡ ጀምሮ ያልታደሰ ፈቃድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጊዜው ባለፈበት ፈቃድ መሥራት ነው ጥፋቱ። ማመልከቻው ላይ የፈቃዱ ጊዜ ያለፈበትን ቀን ይጻፉት፤ ሊያድሱት ካሰቡም የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና እንደሚጠየቅ ይወቁ።