ለጂማት ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?

ውጭ አገር ኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ) ለመማር ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ጂማት ከሚባለው የመግቢያ ፈተና ጋር መገናኘቱ አይቀርም። አብዛኛው ሰው ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ ይጀምራል። ከገጽ አንድ ይነሳል፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይሠራል፣ ሁለት ወር ያልፋል፣ ነጥቡ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ነጥቤ ከፍ ማለት የጀመረው የሳትኳቸውን ጥያቄዎች ቁጭ ብዬ ማጥናት የጀመርኩ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን እወቁት

ጂማት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ቅርጹን ቀይሯል። የድሮው ፈተና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ቀርቷል። ስለዚህ ከወንድም ወይም ከጓደኛ የተረፈ የቆየ መጽሐፍ ካላችሁ ተጠንቀቁ። ድርሰቱ ወጥቷል፣ ጂኦሜትሪው ወጥቷል፣ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማረምም ወጥቷል። ሰው አሁንም በእነዚህ ላይ ሳምንታት ሲያቃጥል አያለሁ።

የአሁኑ ፈተና ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው። ኳንት የሚባለው የሒሳብ ክፍል 21 ጥያቄ፣ ቨርባል የሚባለው የእንግሊዝኛ ንባብና የክርክር ክፍል 23 ጥያቄ፣ ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው የመረጃ ትንተና ክፍል 20 ጥያቄ ይዟል። በጠቅላላው 64 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ መሆኑ ነው። መሐል ላይ 10 ደቂቃ ዕረፍት መውሰድ ይቻላል። ከየትኛው ክፍል እንደምትጀምሩም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። አንድ ሰው «700 አመጣሁ» ካላችሁ የድሮውን ነው የተፈተነው። የአሁኑ 645 ከድሮው 700 ጋር በደረጃ ይቀራረባል። የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን አማካይ ነጥብ ካወጣ፣ የየትኛው ፈተና እንደሆነ አረጋግጡና ግባችሁን እሱ ላይ ተክሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በጂማት ፋንታ ጂአርኢ የሚባለውን ሌላ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ ፈተና አይጠይቁም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንን ተመልከቱ።

ሳታጠኑ አንድ ሞዴል ፈተና ውሰዱ

ኤምቢኤ ዶት ኮም በሚባለው የፈተናው ድረ ገጽ ላይ ሁለት ነፃ ሞዴል ፈተናዎች አሉ። የፈተናው ባለቤት ራሱ ያወጣቸው ስለሆኑ እንደ እነሱ የሚታመን የለም። አንዱን አሁኑኑ፣ ምንም ሳታነቡ ውሰዱ። ስልክ ዘግታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ። ሁለተኛውን ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቀምጡት። የመጀመሪያው ነጥብ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ የሚፈለገው የት እንደምትወድቁ ማወቅ ብቻ ነው።

ሥራ ለሚሠራ ሰው ሦስት ወር፣ በሳምንት ከ10 እስከ 12 ሰዓት በቂ ይመስለኛል። ቅዳሜን ሙሉ ከማጥናት በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ይሻላል።

የስህተት ደብተር ያዙ

አንድ ደብተር ግዙ። ለሳታችሁት ጥያቄ ሁሉ ሦስት ነገር ጻፉ። ምን መረጥኩ? ያን ጊዜ ለምን ትክክል መሰለኝ? በሚቀጥለው ጊዜ ምን ሳይ ልንቃ? በግምት ያገኛችሁትንም እንደሳታችሁት ቁጠሩት።

እኔ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ የምጽፈው «ተቻኩዬ» የሚል ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ «ተቻኩዬ»። ይሄ ምንም አያስተምርም። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳያቸው ከአሥራ አንዱ ሰባቱ አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። ጥያቄው የቀረውን ገንዘብ ይጠይቃል፣ እኔ የወጣውን አስልቼ እመልሳለሁ። ያ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ከምርጫዎቹ መሐል አለ። ከዚያ በኋላ ስሌት ሳልጀምር የተጠየቀውን ነገር ጽፌ እከብበው ጀመር። ያ ስህተት በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ።

የሳታችሁትን ጥያቄ ከአሥር ቀን በኋላ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት። ያን ጊዜም ከሳታችሁት፣ ገብቷችሁ የነበረው መልሱ እንጂ መንገዱ አይደለም።

ኳንት

እዚህ ካልኩሌተር የለም። የማባዛት ሠንጠረዥ፣ ክፍልፋይን ወደ መቶኛ መቀየር (1/8 ማለት 12.5 በመቶ)፣ የቁጥር ካሬዎች እስከ 20 ድረስ በቃል ይያዙ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ መለማመድ ይቻላል። ሒሳቡ ራሱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አይዘልም፤ ክብደቱ አጠያየቁ ላይ ነው።

ዳታ ኢንሳይትስ፦ «ይበቃል ወይ?»

ኳንት የሚቀናቸው ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ አለ፣ እዚህ ክፍል ላይ ካልኩሌተርም ስክሪኑ ላይ ይሰጣችኋል። ዋናው ፈተና ግን ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው ጥያቄ ነው። መልሱን አውጡ አይላችሁም። የተሰጡት ሁለት መረጃዎች መልሱን ለማወቅ ይበቃሉ ወይ ነው የሚላችሁ። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው እስከ መጨረሻው መፍታት ነው።

እስቲ ይህችን እዩዋት። አንድ ተማሪ እስክሪብቶና ደብተር ገዛ። እስክሪብቶው 25 ብር፣ ደብተሩ 60 ብር ነው። ስንት እስክሪብቶ ገዛ? አንደኛ መረጃ፦ በጠቅላላ 170 ብር ከፈለ። ሁለተኛ መረጃ፦ በጠቅላላ 4 ዕቃ ገዛ።

አብዛኛው ሰው «ሁለት የማይታወቅ ነገር ስላለ ሁለት መረጃ ያስፈልጋል» ብሎ ሁለቱን በአንድ ላይ ይመርጣል። ስህተት ነው። ግማሽ ደብተር አይገዛም። አንድ ደብተር ከገዛ 110 ብር ይቀረዋል፤ 110 ለ25 አይካፈልም። ሁለት ከገዛ 50 ይቀራል፤ ሁለት እስክሪብቶ ነው። ሦስት ደብተር ደግሞ ከ170 ያልፋል። ስለዚህ አንደኛው መረጃ ብቻውን ይበቃል። ሁለተኛው ብቻውን ግን አይበቃም፤ አራቱ ዕቃ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም እስክሪብቶ ሊኖረው ይችላል።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ አንደኛውን መረጃ ስትመረምሩ ሁለተኛውን በእጃችሁ ሸፍኑት። ቀጥሎ አንደኛውን ረስታችሁ ሁለተኛውን ብቻውን እዩት። ሁለቱን የምታጣምሩት ለየብቻ ካልበቁ ብቻ ነው። አምስቱ የመልስ ምርጫዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በቃል ያዟቸው።

ቨርባል

ሁለት ነገር ነው ያለው፦ አንብቦ መረዳትና ክሪቲካል ሪዝኒንግ። በሁለተኛው አጭር ክርክር ይሰጣችሁና የሚያዳክመውን ወይም የሚያጠናክረውን ታወጣላችሁ። አንድ ካፌ የማኪያቶ ዋጋ ቀነሰ፣ በዚያው ወር ገቢው ጨመረ፣ ስለዚህ ገቢው የጨመረው ዋጋ በመቀነሱ ነው ተባለ እንበል። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ክፍተቱን ራሳችሁ ፈልጉ። በዚያው ወር አጠገቡ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ቢሆንስ? ክርክሩን የሚያዳክመውን ከተጠየቃችሁና እንዲህ የሚል ምርጫ ካለ መልሱ እሱ ነው።

ለንባቡ በየቀኑ 20 ደቂቃ ከበድ ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡ፤ ሳይንስም፣ ታሪክም፣ ኢኮኖሚም ይሁን። ከየአንቀጹ በኋላ ቆም ብላችሁ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። በራስ ቋንቋ ማለት ካቃተ አልገባም ማለት ነው። እኔን ከምንም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ሰዓት

ኳንት ላይ ሰባተኛውን ጥያቄ ስትጨርሱ 30 ደቂቃ፣ አሥራ አራተኛውን ስትጨርሱ 15 ደቂቃ መቅረት አለበት። በየጥያቄው ሰዓት ማየት ያደክማል። ሦስት ደቂቃ የፈጀ ጥያቄ ካለ ገምታችሁ ለቃችሁ ሂዱ፤ ከመሳሳት በላይ የሚጎዳው ሳይመልሱ መቅረት ነው። ጥርጣሬ ያለባችሁን ምልክት አድርጉበት። በየክፍሉ መጨረሻ ጊዜ ከተረፈ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይፈቀዳል።

ምዝገባውና የፈተናው ቀን

ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ሙሉ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ዲግሪው ላይ አንድ «ኤል»፣ ፓስፖርቱ ላይ ሁለት «ኤል» ሊሆን ይችላል። የትውልድ ቀንም እንደዚያው ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ጻፉ። ስሙ ካልተገጣጠመ ሳትፈተኑ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ ገንዘባችሁም አብሮ ይሄዳል። የቀጠሮው ሰዓትም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 9፡00 ማለት በእኛ 3 ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ ደብተራችሁን ብቻ አንብቡ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ እስከ አምስት ለሚደርሱ ፕሮግራሞች በነፃ መላክ ትችላላችሁ። ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ካልተመቻችሁ ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ እኔ ግን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጡት እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከመፈተኛው ክፍል እንደወጣችሁ፣ የት ላይ ሰዓት እንዳጠራችሁና የትኛው ዓይነት ጥያቄ እንዳስጨነቃችሁ ሳይረሳ እዚያው ደብተር ላይ ጻፉት፤ ሁለተኛው ዙር የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።